ውጤቱ የታወቀ ሰፈር

ጋዜጣው ቤት፣ ውጤቱ የታወቀ የምርጫ ክልል አዲስ ጽሑፍ አይጻፍለትም። የክልል ምክር ቤት ምርጫ በመጣ ቁጥር የድሮው ይወጣል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ አለቀ። «አሙቀህ አቅርበው» ይላል ዋና አዘጋጁ፣ የትናንት ራት ይመስል።

የዚህን የከተማ ዳር ሰፈር ጽሑፍ የሚያሞቀው እዚያው የሚኖር አንጋፋ ጋዜጠኛ ነው። ሰውዬው ደክሞታል። ጉልበቱ ደክሟል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ምርጫ የሚባል ነገር ደግሞ አንገፍግፎታል። «በአጥር የተከበቡ ቤቶች፣ ጧት ወደ ከተማ ማታ ወደ ቤት የሚጎርፍ መኪና፣ ለውጥ የማይወድ ነዋሪ፤ ገዢው ፓርቲ ያሸንፋል፤ ውጤቱ የታወቀ ነው።» ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይወጣዋል።

የዘንድሮው ጣጣ ታላቅ እህቱ መወዳደሯ ነው። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ በእጇ ያለፈ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድሟን የጓሮውን ክፍል ሰጥታው አብረው ይኖራሉ። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሲዘጋ ተናደደችና በግል ዕጩነት ተመዘገበች። እሱም አዘጋጁን «የእህቴ ነገር አለበት፣ ለሌላ ሰው ስጠው» ቢለው፣ «አይ ወንድሜ! የታወቀ ቦታ ላይ ደግሞ ምን አድልዎ አለ?» ብሎ ሳቀበት።

«ምክር ቤት እንደማልገባ መች ጠፋኝ» አለችው እህቱ። «ይቺን የሰፈራችንን ምርጫ ጣቢያ ብቻ ላሸንፍ። ያዋለድኳቸው ፊት አልዋረድ። ያቺን ‹የታወቀ ነው› የምትላትን ግን በሞቴ ተዋት።»

«እሺ እታለም» አለ። እሺ ማለት ምን ገዶት!

በነጋታው አዘጋጁ ሲያጣድፈው አሮጌውን አወጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን ቀየረ፣ ላከው። ክፋት አይደለም። አላነበበውማ! የገዛ ጽሑፉን ማን ያነባል?

ጋዜጣው ሲወጣ እህቱ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ‹የታወቀ ነው› እዚያው ናት። ተፎካካሪ ተብሎ የተጠቀሰው ደግሞ ባለፈው ምርጫ የተሸነፈው ሰውዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ከሞተ ቆየ።

«አንተ! በእኔ ቦታ ሟች ታስወዳድራለህ?» አለችው። ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። እሱም አፈረ፤ «ቢያንስ ድምፄ ያንቺ ነው» አላት።

የምርጫው ዕለት ሊመርጥ ወጣ። ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮታል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጉልበቱን እያሻሸ ትንሽ ቆመና፣ ጋደም ብዬ ልመለስ አለ። ጋደም ያለ ሰው መች ይመለሳል? ሲነቃ ጣቢያው ተዘግቷል። ደግሞስ የታወቀ አይደል እንዴ፣ ብሎ ራሱን አጽናና።

ሌሊት ላይ ቆጠራው ሲያልቅ፣ እህቱ ክፍሉ የገባችው እየሳቀች ነው። እንዲህ ስትስቅ ካያት ዘመን ሆኖታል።

«ምክር ቤቱስ ቀረ፣ እንደ ጉድ ነው የተሸነፍኩት! የእኛ ጣቢያ ግን እኩል ለእኩል! ትሰማኛለህ? እኩል! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢጨመር አሸንፌ ነበር። ማን ይሆን ቤቱ የቀረው? ቆይ፣ አገኘዋለሁ። ያዋለድኩት ከሆነ ወደመጣበት ነው የምመልሰው!»

ተነሥ ብላ እጁን ያዘች። የእሷ አውራ ጣት በምርጫ ቀለም ጠቁሯል። የእሱን አየችው። ከዚያ ያንኛውን እጁን ሳበችና እሱንም አገላብጣ አየችው። ንጹሕ ነው።

«ደክሞኝ እኮ ነው፣ እታለም» አለ፤ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችው ደስ ባለው።

እጁን ቀስ ብላ አስቀመጠችለትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔም እኮ ደክሞኛል» አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።