የእታፈራሁ ፊት

አመተ ማርያም ፊደል የለየችው በስተርጅና ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንኮበር ሲደርስ፣ የቄስ ሚስት ሆና ማንበብ አለመቻሏ ያንገበግባት ስለነበር፣ ከልጃገረዶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተማረች። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን በመጣች ቁጥር የሱቁን ስም፣ የመኪናውን ጎን፣ የወፍጮ ቤቱን በር ሳታነብ አታልፍም። ከተማው ውስጥ የምትኖረው እህቷ ባፈና፣ «የመጣሽው ለገበያ ነው ለፈተና?» እያለች ትቀልድባት ነበር።

የዚያን ቅዳሜም ከባፈና ጋር ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግንብ ፊት ለፊት ሲደርሱ አመተ ማርያም ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ጽሑፉን አይደለም። ግንቡ ላይ የተለጠፈው ትልቅ ፎቶግራፍ የልጇ የእታፈራሁ ነው። ሹሩባዋ፣ ከቅንድቧ በላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ፣ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል የምትነክሰው ከንፈር፣ ሁሉም አለ። እታፈራሁ አስተማሪ ለመሆን ስትማር ማጅራት ገትር የወሰዳት ልጅ ናት። ሙት ዓመቷ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር።

አመተ ማርያም ደስታም ድንጋጤም ባልለየለት ልብ ቀረብ አለችና ከፎቶው ሥር በቀይ ቀለም የተጻፈውን እየጎተተች ማንበብ ጀመረች። ስትጨርስ ዓይኗን አላመነችም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ያዘች። ጽሑፉ «ትናንት ሴተኛ አዳሪ ነበርኩ፤ አብዮቱ ከቆሻሻ አወጣኝ» ይላል።

ግንቡ ሥር ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ ሹክ ስትል ሰማች፤ «ይቺ የአንኮበሩ ቄስ የገብረ ጻድቅ ልጅ አይደለችም? ትምህርት ላይ ናት ሲሉን ከርመው።» ጓደኛዋም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

አመተ ማርያም ያን ቀን ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ ያ ፎቶ ከዚያ ግንብ ይውረድላት፣ ልጇ ስሟ በሰው አፍ ሳይበላሽ አፈሯ ውስጥ ትረፍ።

ፎቶው ከየት እንደወጣ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እታፈራሁ የሞተች ሰሞን፣ ለቅሶ ላይ የሚያዝ ምስል ጠፍቶ ነበር። ባፈና ሙሾ አውራጅ ናት፤ ግጥሙን ማንም ሳያስተምራት ከየለቅሶው ለቅማ ነው የተካነችው፤ ሟች መልኳ ሳይታይ አላለቅስም ብላ የልጅቷን ጉርድ ፎቶ ይዛ ወደ ፎቶ አንሺው ወደ ገብረአማኑኤል ሮጠች። ድሮም ያነሳት እሱ ነበር። አሳድጎ፣ በክፈፍ አድርጎ ሰጣቸው፤ ዋጋ ሲሉትም «ለለቅሶ አልቀበልም» ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። መርቀውት ተመለሱ። ለሙት ዓመቱ ሌላ ያዘጋጅልናል ብለው ጉርዱንም እዚያው ተዉት። ለለቅሶ የዋለን ዕቃ ማንም እንደማይነካው ስለሚያውቁ ነገሩ አላሳሰባቸውም።

ፎቶ ቤቱ ሲገቡ ገብረአማኑኤል ዳቦ በወጥ እያጠቀሰ ይበላ ነበር። ጥፍሮቹ ፎቶ በሚያጥብበት መድኃኒት ጠቁረዋል፤ በዚያው ጣት ወጡን ይጠርጋል። አይቷቸው ተነሳ፤ እግዜር ያጥናችሁ አለ፣ ወንበር ሳበ። አመተ ማርያም አልተቀመጠችም።

እሱም ምንም አልደበቀም። የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ወልደተንሣኤ ለማስታወቂያ የሚሆን ሴት ፎቶ ፈልጎ መጣ። ገብረአማኑኤል ማንም የማይጠይቃቸውን ፎቶዎች የሚያጠራቅምበት ካርቶን አለው፤ መሥሪያ ቤቶች ሲመጡ ከዚያ በነፃ ይመርጣሉ፤ እሱም በምላሹ ሥራ ያገኛል። የቡና ቤቶቹን ሴቶች ላንሳ ቢልም እነሱ በጀ አይሉም፤ ደግሞም ነገ መጥተው መስታወቱን ይሰብሩበታል።

«እታፈራሁ ግን ሞታለች» አለ፣ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «ሟች ምን ይከፋታል ብዬ ነው። መልኳም ያምራል።»

«እኛስ?» አለች ባፈና። «እኛም ሞተናል?»

«እትዬ ባፈና፣ እናስተውል። ያነሳሁት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ። ፊቱ የእናንተ ነው፣ ፎቶው የኔ ነው። ያውም ሳንቲም አልተቀበልኳችሁም።»

አመተ ማርያም ያን ጊዜ የመረቀችው ምርቃት ቆጫት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች፤ በሩ ላይ ምራቋን ተፋች።

ከዚያ ወደ ጓድ ወልደተንሣኤ ሄዱ። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ አዳመጣቸው። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሳቀ። መሬቱ የሕዝብ፣ ትርፍ ቤቱ የሕዝብ በሆነበት አገር አንድ ፎቶግራፍ የግል ነው ብሎ መምጣት የቆየ አስተሳሰብ እንደሆነ አስረዳቸው። ስሟ እንዳልተጻፈም ነገራቸው። ያንቺ ልጅ እንደዚያ ዓይነት ሴት ካልነበረች፣ ምን አስደነገጠሽ ሲልም ጠየቃት። በመጨረሻም ልጅቷ ከሞተች በኋላ እንኳ ለሰፊው ሕዝብ በመጥቀሟ ልትኮሩ ይገባል ብሎ የጎረጎረውን ወለሉ ላይ ተፋ።

ሲወጡ አንዲት የማያውቋት ሴት፣ ለሴት ልጇ ግንቡን በጣቷ እየጠቆመች፣ እንዲህ እንዳትሆኚ ስትላት ሰሟት።

ባፈና ነጠላዋን አውልቃ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ለበሰች፤ ለቅሶ ሲሄዱ እንደሚለበሰው። መቀነቷን አጠበቀች። ፎቶው ሥር ሄዳ ቆመችና ደረቷን መታች።

«እናት ሳትጠየቅ፣ ሳይፈቅድ አባት፣
ማን ነው ልጄን ወስዶ ከግንብ የሰቀላት?»

ለቅሶ ሰምቶ የሚያልፍ የለም። መጀመሪያ አንድ የጤፍ ነጋዴ ባርኔጣውን አወለቀ። ከአልዩ አምባ በርበሬ ይዘው የመጡ ሁለት እስላም ነጋዴዎች አህዮቻቸውን አቁመው አንገታቸውን ደፉ። ሴቶቹ ዕቃቸውን መሬት እያስቀመጡ ነጠላቸውን ገለበጡ። የሽንኩርቷም ሴት ተነሳች፤ ከሁሉ የበለጠ የጮኸችው እሷ ነበረች፣ አመተ ማርያምም ያንን ጩኸት ስትሰማ ቀፈፋት። ባፈና ግጥሙን ባወረደች ቁጥር ሰው እየተጨመረ፣ መንገዱ ተዘጋ። አሁን ግንቡ ላይ ያለውን ቀዩን ጽሑፍ የሚያነብ አልነበረም። የለቅሶ ፎቶ ነው፤ ሁሉም የሚያየው የሞተች ልጅ ነው።

ጓድ ወልደተንሣኤ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር ወጣ። የጠባቂውን ጠብመንጃ አይቶ ማንም አልተነቃነቀም። ለቀስተኛ መበተን ለእሱም ከብዶት ይሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አመተ ማርያም ጠጋ አለ።

«እናት፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው። ፈቃድ አላችሁ?»

አመተ ማርያም ቀና ብላ አየችው። ጥርሱ መሃል የቀረ ነገር ነበር።

«የልጄን ፊት የወሰድክበትን ፈቃድ አሳየኝ» አለችው። «ከየት እንዳወጣኸው ልወቅና እኔም የማለቅስበትን ከዚያው ላውጣ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጓድ ወልደተንሣኤ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ለጠባቂው በአገጩ ጠቆመው፤ ቅደደው ማለቱ ነው።

ጠባቂው ጥፍሩን ወረቀቱ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ሳበ። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ስለነበር አልላቀቅ ብሎ ፊቷ መሃል ላይ ተቀደደ። ግንባሯና ዓይኖቿ በእጁ ቀሩ፣ አፏ ግንቡ ላይ ቀረ። ጠባቂው የያዘውን ጨማዶ መሬት ጣለና ሥራው እንዳለቀ ሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አመተ ማርያም የተጨማደደውን አንስታ ጉያዋ ውስጥ አስገባች። ከዚያ የቀረውን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ሙጫው ሻግቶ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፤ ኖራው ከነወረቀቱ እየተፈረፈረ ክንዷ ላይ ወረደ። ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም።

ጨርሳ ስትዞር ገብረአማኑኤል ቆሟል። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለሙት ዓመቱ ከድሮው የሚበልጥ፣ ትልቅ አድርጎ በነፃ እንደሚሠራላት ነገራት፤ እጇንም ሊስም ጎንበስ አለ። እጇን ነጠቀችው።

«ጉርዱንና ነጋቲቩን አምጣ» አለችው።

ጉርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ነጋቲቩን ሲጠየቅ ግን መሬት መሬት አየ። የሌሎቹ ከተሞች ሰዎች ማስታወቂያውን ወደውት፣ ለእነዋሪም ለአረርቲም አሳድጎ ልኳል። ሌላ ፎቶ እንዲያትሙበት የወሰዱት ነጋቲቭም እዚያው እየዞረ ነው።

ባፈና ድምፅዋ ሰልሏል፤ ፊቷ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። ሴቶቹ ለቅሶው ያበቃ መስሏቸው ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ሲጀምሩ አመተ ማርያም በእጇ ከለከለቻቸው። ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን ሙጫ በቀሚሷ ጠርዝ እየጠረገች፣ ወደ እነዋሪ የሚሄደው መኪና ከወዴት እንደሚነሳ የጤፉን ነጋዴ ጠየቀችው።