የዕቅድና ፕሮግራም ኃላፊው ቤት

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት የሚኒሶታ ሐበሻ በሙሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ቤቱን ማን ይይዝልሃል?» እንዴት ሆንክ ያለኝ የለም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት እንኳ እያለቀሱ ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ነበር።

እኔን ባድሩን ቤት መያዝ ያቅተዋል ብለው ነው! በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ኮርፖሬሽን ውስጥ የዕቅድና ፕሮግራም ኃላፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን አንድ ኩንታል እህል አምርቶ ባያውቅም፣ ስለ እህል የኛን ያህል ሪፖርት የጻፈ አልነበረም። ቤት ማለት ደግሞ ዕቅድ ማለት ነው። ሆፕኪንስ ያለው አፓርትመንታችን ፍሪጅ ላይ በሦስት ቀለም የተጻፈ ፕሮግራም ለጥፌያለሁ። ሰኞ ልብስ፣ ማክሰኞ ቫኪዩም፣ ረቡዕ መታጠቢያ ቤት፣ እያለ እስከ እሑድ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ «ተፈጽሟል» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። ጠዋት በጨለማ ፍሪድሊ ድረስ ድራይቭ አድርጌ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ እገባለሁ፤ ከዚያ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሥራዬ፣ ዳውንታውን ወዳለው ፓርኪንግ ነው። ቤት ስመለስ ሣጥኗ ምልክት ተደርጎባታል፣ ልብሱ ታጥፏል፣ ወጡ ተሠርቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ኑሮ ከበደኝ እያለ የሚያማርረው ዕቅድ ስለማያወጣ ነው።

ልጄ ቱባ አሥር ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዳ በራሷ ቁልፍ ትገባለች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ጸጥ ያለች ልጅ ናት፣ አስቸግራኝ አታውቅም።

ያስቸገረችኝስ አክስቷ ሹክሪያ ናት። የባለቤቴ ታላቅ እህት ስትሆን የምትኖረው ዳላስ ነው። በሳምንት አንዴ ትደውልና «ወንድ ልጅ ብቻውን ምን ልጅ ያሳድጋል? ላክልኝ፣ እኔ ጋ ትደግ» ትለኛለች። እምቢ ስላት በመጋቢት 1996 ሽማግሌ ላከችብኝ። ቤቱን አይተው ልጅቷ ትሂድ ካሉ አለቀ፤ የሽማግሌ ቃል ረግጬ እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ፊት እቆማለሁ? ቱባን ከወሰዱብኝ ደግሞ ምን እንደምሆን አላውቅም። ከእናቷ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

እሑድ ቀን መጡ። አንደኛው ሴንት ፖል ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከማሉዲን ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ክፍሌ፣ ከሁላችንም ቀድመው ከሱዳን የመጡ የታክሲ ሾፌር። በረዶ የነካው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ጋሽ ክፍሌ እጄን ልታጠብ ብለው መታጠቢያ ቤት ቆዩና ሲመለሱ «ፎጣው ሁሉ ታጥፏል» ብለው በሐጂ ጆሮ አንሾካሾኩ። ሐጂም ቴሌቪዥኑን በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጣታቸውን ተመለከቱ። ንጹሕ ነው። ትንሽ ያዘኑ መሰለኝ።

ጋሽ ክፍሌ ጾም ላይ ስለነበሩ ምሳው ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነበር። ሐጂ ሦስት ጊዜ ጎረሱና፣

«ይሄን ማን ሠራው?» አሉ።

«ሁሉም በፕሮግራም ነው» አልኩ ዘና ብዬ፣ ወደ ፍሪጁ እያመለከትኩ።

«ማሻአላህ። እስቲ ሚጥሚጣ ካለህ?»

«ሚጥሚጣማ አይጠፋም!» ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ካቢኔት ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ባዶ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከራሴ በላይ ያለው ካቢኔት በሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ አንዲት ብርጭቆ እንኳ የለበትም። ሽማግሌዎቹ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ታች ነው አባዬ» አለች ቱባ በእንግሊዝኛ። «ከሩዙ ኋላ። ላይኛው ጋ አልደርስም።»

ጎንበስ ብዬ ከፈትኩ። በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ሁሉም ከወገቤ በታች በወጉ ተደርድሯል። ሚጥሚጣውን ይዤ ስነሳ ፊቴ ግሎ ነበር።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «ልብሱን ላንድሪ የሚያደርገው ማን ነው?»

ቱባ አየችኝ። ከዚያ ለኔ እንኳ የማትናገረውን አማርኛ እየተኮላተፈች አወጣችው፦ «አባዬ... ፕሮግራሙን ይጽፋል።»

ልታድነኝ ነው። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌዎቹ እንመካከር ብለው ኮሪደር ላይ አስወጡኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ያቺን ሣጥን እያየሁ በራሴ ስኮራ፣ ምልክቱን የምታደርገው እጅ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ለአፍታ አላሰብኩም። አፈርኩ። ስገባ የምለውንም አዘጋጀሁ፦ «ሹክሪያ ልክ ናት። ልጄን ሠራተኛ አድርጌያታለሁ። ፍረዱብኝ።»

ጠሩኝና ገባሁ። ሐጂ ቀደሙኝ።

«ባድሩ፣ እኛ የመጣነው ቤቱ ሴት የለውም ተብለን ነው።»

«አለው እንጂ!» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«እውነት ለመናገር» ብለው ቀጠሉ ሐጂ፣ «ልጅቷ ብትሄድ አንተ ምን ትበላለህ? ሚጥሚጣህን እንኳ አታውቀውም። ስለዚህ ልጅቷ እዚሁ ትኑር።»

ወዲያው ስልኬን አንስተው ዳላስ ደወሉ። «ሹክሪያ፣ ቤቱን አየነው። ቤት የያዘችን ልጅ ከቤቷ አናስወጣም።» የሹክሪያ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይሰማል፦ «አሥር ዓመቷ እኮ ነው! ሐጂ፣ አሥር ዓመቷ ነው!» ሐጂም፣ «አዎ፣ በአሥር ዓመቷ! ማሻአላህ በይ እንጂ» ብለው ዘጉት።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ኮሪደር ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ግን አፌ ውስጥ ቀረ። ለነገ፣ ለሌላ ቀን እያልኩ ዋጥኩት። ሽማግሌዎቹ ቱባን ግንባሯን ስመው፣ «የእናትሽ ምትክ፣ አባትሽን አደራ» ብለዋት ወጡ። አደራውን የሰጡት ለሷ ነው።

በሩ እንደተዘጋ ቱባ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ሄጄ ከእጇ ወሰድኩት። ሲመረምሩም፣ ሲፈርዱም፣ ሲመርቁም እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም።

«ቱባ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም» አልኳት። «ዳላስ አክስትሽ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ቆማ አሰበች።

«እዛ ቤት ስንት ሰው ነው ያለው?» አለችኝ።

«ስድስት።»

እጄ ላይ ያሉትን ሳህኖች አየች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች።

«ከኔ ጋር ሰባት» አለች። «አይ አባዬ፣ ያን ሁሉ ሳህን አልችልም። እዚሁ ይሻለኛል።»