በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠች ባጅ

"እማማ፣ ይኼ ወረቀት የልጁ ባጅ ስምንት ዓመት ሙሉ ጨረር አልነካትም ይላል። ታዲያ እሱ የት ነበር የሚሠራው?"

ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የጠየቀውን ነርሷ ሱሪያ በአማርኛ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አበዛሽ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ ደግመው ጠቀለሉ።

አልጋው ላይ ደምመላሽ ዓይኑን ጨፍኗል። ጣፊያው አብጦ ሸሚዙን በግራ በኩል ገፍቶታል። ትልቁ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ወደቡ አጠገብ የሚዘረጋውን የነዳጅ ቧንቧ ብየዳ በጨረር ካሜራ እያነሳ፣ ስንጥቅ እንዳለው የሚያይ። አሁን ደሙ ውስጥ ነጩ ሴል ከልክ አልፏል። የደም ካንሰር ነው ተብሏል፣ ቀስ እያለ የሚሄደው ዓይነት።

"ከሥራው ነው የመጣበት?" አሉ።

ሱሪያ ሐኪሙን ጠይቃ መለሰችላቸው። "ጨረር ያመጣዋል፤ ጨረር ያልነካውንም ይይዛል። ከዚህ ነው ብሎ መማል አይቻልም ይላል። መድኃኒት ግን አለው እማማ፣ በየቀኑ የሚዋጥ፤ ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል። የፈራው ለሌሎቹ ሠራተኞች ነው። ባጇ ንጹሕ ከሆነች ማን ብሎ ይመረምራቸዋል?"

ሌሎቹ። ታናሹ ባንቲሁን እዚያው ካሜራ ሥር ከገባ ሰባት ወሩ ነው።

ባጇ የክብሪት ቀፎ የምታህል ፕላስቲክ ናት። ደምመላሽ ሥራ የጀመረ ሰሞን "እምዬ፣ አደራ እንዳትጠፋ" ብሎ ሰጣቸው። የመታወቂያ ነገር መሰለቻቸው። አደራ አይበሉም፤ ወደ ሥራ በወጣ ቁጥር ተቀብለው ክርና መርፌያቸው ባለበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሯት ነበር። አንድ ቀን ረስቶ ደረቱ ላይ እንደሰካት ቢወጣ፣ በዚያ ሙቀት ሚኒባሱ ድረስ ሮጠው ነቀሉበት። ተሳፋሪው ሁሉ "እንዲህ ያለች አያት ማን አለው!" ብሎ ሳቀ።

ካርቲየ 3 ሰፈር ካለው ቤታቸው ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ባንቲሁን ለማታው ተራ እየተሰናዳ ነበር። የራሱን ባጅ ዘረጋላቸው።

"እምዬ፣ እንቺ አስቀምጪልኝ።"

"ከእንግዲህ አላስቀምጥም።"

"ምነው፣ ቆርቆሮው ኪራይ ጀመረ?"

"የወንድምህ ሆድ ከበሮ አክሏል፣ አንተ ትቀልዳለህ! ይቺ ነገር የነካህን ጨረር የምትቆጥር ናት አሉ። ለምን ነው እቤት ትታችኋት የምትሄዱት?"

ሳቁ ጠፋ። "ቆጥራ ከሞላች ከካሜራው ያነሱኛል። ሦስት ወር፣ አራት ወር ቤት ቁጭ። እስከዚያ አለቃው ሌላ ሰው ያስገባል። እሱ ተኝቷል፣ እኔም ከተቀመጥኩ ምን ሊበላ ነው እዚህ ቤት?"

"አላውቅም።"

"ይኸዋ!"

"አላውቅም አልኩህ! ስምንት ዓመት ልጄን የጠበቅኩ መስሎኝ... ለካ ፕላስቲኩን ነው የጠበቅኩት። ነገ ለሐኪሙ እናገራለሁ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት፣ ሌሎቹንም መርምሯቸው እላለሁ።"

"እምዬ፣ እንዳታደርጊው!" ባጇን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሊታጠብ ገባ።

የውሃው ድምፅ እንደተሰማ ቱታውን ከሚስማሩ አወረዱ። ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ ሁለቴ ሳተ፤ ቀጥሎ መርፌው ጣታቸውን ወጋ። ባጇን ደረት ኪሱ ላይ በድርብ ክር ዙሪያዋን ሰፏት። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ቱታውን መልሰው ሰቀሉ። መቀሱን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ባንቲሁን ለብሶ ሲቆልፍ እጁ ባጇ ላይ ቆመ። ሳብ አደረጋት። አልላላችም። ቆርቆሮውን ከፍቶ በረበረ፤ መቀስ የለም። ቀና ብሎ አያቱን፣ ከዚያ እጃቸው የተጫነውን መቀነት አየ።

ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሚኒባሱ ከመንገዱ ጫፍ ጥሩምባውን ነፋ። ወይዘሮ አበዛሽ በዚህ ጊዜ ተከትለው አልሮጡም።