የአርሴማ ሕመም

«ኩላሊትሽ እንዴት ሆነልሽ?» አሉ እትዬ ኣረጋሽ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው።

አርሴማ ሰው የተሳሳቱ መሰላት። እናቷ የወርቅውሃ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጀርመን አገር፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር ያለው ጠባብ ቤቷ በለቀስተኛ ተጨናንቋል።

«እኔ? ኩላሊቴን ታምሜ አላውቅም።»

ጎረቤቲቱ ትክ ብለው አዩዋት። «ከእኔ አትደብቂ። እናትሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬንተዋን፣ የጡረታ ገንዘቧን፣ ላንቺ መታከሚያ ስትልክ አልነበር? ‹ክራንከንካሰው፣ የጤና መድኑ፣ ይሸፍን የለም ወይ?› ብላት ‹ልጄ እንዳሻው ጠይቆ አይሸፍንም ብለውታል› አለችኝ። ጥርሷን ማስተከል የተወችው፣ ክረምቱን በስስ ሹራብ የወጣችው ለምን ይመስልሻል? እኔ ቤት ነበር የምትበላው። ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች።»

አርሴማ የምትኖረው ሃምቡርግ ነው። እሷም በየወሩ ለእናቷ በወንድሟ በእንዳሻው በኩል ገንዘብ ትልክ ነበር። ጀርመንኛ የሚያነበው፣ የባንክ ፎልማኽቱን፣ ውክልናውን፣ ይዞ የሚፈርመው እሱ ነው። ስትደውል እናቷ «ሰውነትሽ እንዴት ነው?» ትላታለች። «ደህና ነኝ እማዬ» ስትላት የእናቷ ትንፋሽ ይቆራረጥና እንዳሻው ስልኩን ይቀበላል። «አረጀች፤ ሆድ ይብሳታል» ይላል።

በ1996 ፋሲካ ስትመጣ እናቷ አጥንቷ ገጦ ነበር። ሥጋውን ሁሉ ወደ አርሴማ እየገፋች «እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች። አርሴማ «በፋሲካ የምን ጾም ነው?» ብላ ሳቀችባት።

ያን ሳቋን አሁን ሰማችው።

እንዳሻው ወጥ ቤት ብርጭቆ እያለቀለቀ ነበር። ገብታ በሩን ዘጋችው።

«እማዬን ምን ብለሃት ነበር?»

ቧንቧውን አልዘጋም። «ማን ነገረሽ?»

«ምን ብለሃት ነበር?»

«ታመመች አልኳት። መጀመሪያ በራሴ ስም ነበር የለመንኳት፤ እግሯ ላይ ወድቄ። ‹ሃያ ዓመት የባቡር ሽንት ቤት ያጠብኩት ላንተ ቁማር አይደለም› አለችኝ። ያንቺን ስም ስጠራ ግን የጣቷን ቀለበት ሳይቀር አውልቃ ሰጠችኝ።»

«እኔ የላክሁትስ?»

«እሱም።»

«በስልክ ለምን አልጠየቀችኝም?»

«ሐኪሙ ስለ ሕመሟ አታንሱባት፣ ከደነገጠች ትሞታለች ብሏል አልኳት።» ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። «ምን ጎደለባት? ልጇን ያዳነች መስሏት ሞተች። እኔና አንቺ እንደዚያ ደስ ብሎን አንሞትም። ከፈለግሽ ውጪና ንገሪያቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ‹አንቺስ የት ነበርሽ?› ይሉሻል።»

ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ወዲያው «እማዬን! እማዬን!» የሚል ጩኸቱ ተሰማ። ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ።

አርሴማ ልትናገር ተከትላው ወጣች። አፏን ስትከፍት የውጪው በር ተከፈተና አንዲት አሮጊት ተደግፈው ገቡ። የእናቷ የጽዳት ሥራ ጓደኛ እማማ ሃዋ ናቸው፤ ጻይልስሃይም ከሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ መምጣታቸው ነው። አርሴማን ሲያዩ ለቅሶውን ረስተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አልሐምዱሊላህ! ቆመሽ አየሁሽ! ‹ሃዋ፣ ዱዓ አድርጊላት› እያለች ስንቴ አስለቅሳኛለች። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ልጠይቃት ሄጄ እንኳ ‹እሷ ከዳነች እኔ ምን ቀረብኝ› አለችኝ። ልጄ፣ ዳንሽላት?»

እንዳሻው ከማዶ አንገቱን ቀና አድርጎ እህቱን ተመለከተ። እትዬ ኣረጋሽ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ድኛለሁ፣ እማማ ሃዋ» አለች አርሴማ። «እማዬ አድናኛለች።»

ከዚያ የአሮጊቷን እጅ ወሰደች፤ በጥቁር ቀሚሷ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ዝቅ አድርጋ ኩላሊቷ ላይ አሳረፈችውና በሁለት እጇ ተጭና ያዘችው።