የድርጭት እንቁላል

«ኩፍኝ የያዘኝ ነው እኮ የምመስለው!» አለች ኪቫ መስተዋቱን እንዳየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኖሪን የጠቃጠቆ መሳያ እስክሪብቶውን እንደያዘች ደነገጠች። ልጅቷ አልዋሸችም። አፍንጫዋና ጉንጮቿ ላይ የሰፈሩት ቡናማ ነጠብጣቦች ልክ ማሸጊያው ላይ እንዳለው ሥዕል ወፋፍራምና እኩል ነበሩ። ኪቫ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ማታ የትምህርት ቤታቸው የስንብት ዳንስ አለ። ቀሚሷ ከተገዛ ሦስት ወሩ ነው፤ የቀራት ዘንድሮ ሴት ልጅ ሁሉ የሚመኘው ጠቃጠቆ ብቻ ነው። ኤኒስ ከተማ መሀል ወዳለው መድኃኒት ቤት፣ ኖሪን ሃያ ዓመት ሙሉ ሜካፕ ወደምትሸጥበት ጥግ ከእናቷ ጋር የመጣችውም ለዚሁ ነው።

«አይዞሽ፣ ይጠረጋል» አለቻት ኖሪን።

«ቢጠረግ ነው የሚሻለው!» አለች እናቷ ማጄላ ከኋላ ቆማ። «ለዚህች እስክሪብቶ አሥራ ዘጠኝ ዩሮ እኮ ነው የከፈልኩት። በዚህ ዋጋማ ሌላ ፊት ይገዛ ነበር።»

ማጄላ ቀልደኛ ናት፤ ድሮም ነበረች። በካቶሊክ ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሲማሩ፣ የኖሪን ፊት በጠቃጠቆ እንደ እንቁላሉ ነቁጣ ነቁጣ ስለነበር «የድርጭት እንቁላል» ብላ ስም ያወጣችላት እሷ ናት። ስሙ ተለጥፎ ቀረ። አውቶቡስ ውስጥ ወንዶቹ ኖሪን ስትገባ እንደ ዶሮ ይንጫጩባት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ሳምንት ጠቃጠቆውን የሚሸፍን ፋውንዴሽን ገዛች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ እሱ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ባሏ ዶናል ሳይነቃ ትነሳና መነጽር ሳታደርግ፣ መብራት ሳታበራ፣ እንዲሁ በልማድ ትቀባዋለች። ዶናል ያውቃል፤ ግን አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። ምሳዋንም የምትበላው ወንዙ ዳር፣ ጥላ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ነው፤ ፀሐይ ጠቃጠቆ ታወጣለችና። ፀሐይ በስለት በምትገኝበት አገር ፀሐይን የሚሸሽ ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ሰኞ ዕለት እስክሪብቶዎቹ የመጡበት ሣጥን ሲከፈት ሳቀች። ማክሰኞ ተናደደች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። የተሰደበችበትን ነገር በእስክሪብቶ አድርገው ሽጪ ብለው ሰጧት፤ ምን ይባላል?

ጥጥ አርሳ የልጅቷን ፊት ጠረገች። የጎደለው ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። እንዳትንቀሳቀሺ።»

የእውነቶቹ ጠቃጠቆዎች ሰልፍ አይወዱም። አፍንጫ ላይ ይጋፋሉ፤ ወደ ጉንጭ ሲወርዱ ይሳሳሉ። አንዱ ደመቅ ይላል፣ ሌላው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አንዱ መንገድ ስቶ ከንፈር ጠርዝ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱ የግራ ዓይን ቆብ ላይ። ሥዕሉን አላየችም፤ እጇ ራሱ መንገዱን ያውቀው ነበር።

«ወይኔ! እማ፣ እዪ!» አለች ኪቫ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «አብረውኝ የተወለዱ ነው የሚመስሉት!»

ኖሪን ትክ ብላ አየቻት። ፊት ለፊቷ የቆመው የራሷ የአሥራ አምስት ዓመት ፊት ነው። ደግሞም ቆንጆ ነው። ያኔ ቆንጆ ነሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ እሷም ለራሷ አላለችም።

«እንዴት ያምራል!» አለች ማጄላ። «እኔም እንዲህ ያለ በኖረኝ እያልኩ ስቀና ነው ያደግኩት።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ማጄላ የምትዋሽ አትመስልም፤ የእውነቷን ረስታዋለች። ኖሪንን ከስድቡ ይልቅ ይህ አቃጠላት።

«ዝናብ ከነካው ይለቃል አይደል?» አለች ኪቫ። «ሆቴሉ ስንደርስ መልሼ እንድስለው፣ የማንን ፎቶ አይተው እንደሠሩት ያሳዩኝ።»

«ፎቶ የለም» አለች ኖሪን። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ቆይ።»

መነጽሯን አደረገች። መብራት ያለበትን ትልቁን መስተዋት ወደ ራሷ አዙራ፣ በረጠበ ጥጥ ግራ ጉንጯን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ጠረገችው። ጥጡ ቡናማ ሆነ።

«አንቺም ጠቃጠቆ ነበረብሽ እንዴ?» አለች ማጄላ።

«ስም ያወጣሽልኝስ አንቺ አይደለሽ? የድርጭት እንቁላል።»

የማጄላ ፊት ቀላ።  ኖሪን ግን እሷን አላየቻትም፤ ዓይኗ መስተዋቱ ላይ ቀርቷል። ጉንጯ ላይ ከሽብሽብና ዕድሜ ካመጣው አንድ ሰፊ ጥቁረት በቀር ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ አፍንጫዋ አጠገብ ሦስት አራት የደበዘዙ ነጠብጣቦች ብቻ። ፀሐይ ሳያዩ ስንት ዓመት! በየማለዳው በጨለማ ስትሸፍን የኖረችው ባዶ ጉንጭ ነው። ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ።

«የታሉ?» አለች ኪቫ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሄዱ። ስደብቃቸው ስደብቃቸው ሄዱ።»

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ክሊዮና ከመድኃኒት መሸጫው በኩል መጣች። ወጣት ናት፤ ለክፋትም አይደለም። «ኖሪንዬ፣ ምን ችግር አለው? በእስክሪብቶው መልሰሽ ሳያቸው! ሌሎቹም ልጆች አይተው ይገዛሉ።»

«በነፃ የነበረኝን በአሥራ ዘጠኝ ዩሮ አልገዛም» አለች ኖሪን።

ማጄላ ልጇን ይዛ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር አለች። «ኖሪን... ልጆች ነበርን እኮ።»

«ነበርን» አለች ኖሪን።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ቀኝ ጉንጯንም ጠረገችው። ሳንድዊቿን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ጥላ ሥር ያለው አግዳሚ እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነው። ቦርሳዋን አስቀመጠችበት፤ ግን መቀመጥ አቃታት። ቦርሳዋን መልሳ አነሳች። ፀሐዩ ላይ ወዳለው አግዳሚ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደሚያወሩት ሁለት ጎረምሶች ሄደች።

«እስቲ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ» አለቻቸው።