አጥፍተሽ አብሪው

«አጥፍተሽ አብሪዋ! ምን ያስፈራል?»

ሐኪሙ ይህን ሲል እጁ ኮምፒውተሩ አጠገብ ወዳለው ሳጥን ማብሪያ ተዘርግቶ ነበር። እህቱ ቸብ አደረገችው። ዕድሜዋን ሙሉ በታላቅ ወንድሟ ላይ እጅ አንሥታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ትዕግሥቷ ተሟጧል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሳጥን ከምትነካው ክሊኒኩን ዘግተህ ብትሄድ ይሻልሃል።»

ክሊኒኩ የዓይን ነው፣ የቤተሰቡ። እሱ ያክማል፤ እሷ የኮምፒውተሩን ሥራ ይዛለች፤ እናታቸው መግቢያው ላይ ተቀምጠው ሕሙማን ይመዘግባሉ። አባታቸው ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ የማይነቃነቅ ወንበር አላቸው፤ እዚያ ሆነው ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስለ ዓይናቸው ጤንነት ይዋሻሉ። ልጃቸው የዓይናቸው ግፊት ነርቩን እየጎዳው እንደሆነ ከጠረጠረ ቆይቷል። ከባሰ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል። እሳቸው ግን «ደህና የሚያይ ሰው ዓይኑን በቢላ ያስነካል?» ብለው ድርቅ አሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ዛሬ የአምናውን፣ የካቻምናውንና የዘንድሮውን የዓይናቸውን ፎቶ ጎን ለጎን ደርድሮ ሊያሳምናቸው ቆርጧል። የዛሬውን ቀን መርጦ ፎቶው አልከፈት እያለ አሰለቸው። ለእሱ ደግሞ ከኮምፒውተር እስከ ውሃ ማሞቂያ የማንኛውም ዕቃ መድኃኒት አንድ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት።

ሳጥኑ እኮ የተገዛው በእሱ ውትወታ ነው። የጫማ ካርቶን ያህላል። ሌባ ቢወስዳቸው እንኳ እንዳያያቸው የሕሙማኑ ፎቶዎች ሁሉ በምስጢር ኮድ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ይፈጠራል፣ እዚያው ይኖራል፣ ለማንም አይሰጥም፣ ለፈጠረው ሰው እንኳ። እህትየው ከሳጥኑ ጋር የምትነጋገረው በምስጠራ ላይብረሪ በኩል ነው፤ ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ባዘጋጁት ኮድ ማለት ነው። ሳጥኑ ደስ ያላለው ነገር ሲገጥመው አንድ የስሕተት ቁጥር ወርውሮ ዝም ይላል። እናታቸው «አኩራፊው» ያሉት ለዚሁ ነው።

ጠዋት እህትየው ፎቶዎቹ ለምን እንደዘገዩ ልታጣራ በሌላ ፕሮግራም ገብታ፣ ውስጥህ ያሉትን ቁልፎች አሳየኝ ብላው ነበር። ባዶ! ፎቶዎቹ እየተንቀራፈፉም ቢሆን እየተከፈቱ ነው፤ ቁልፍ ግን የለም። የራሷን ኮድ ከፍታ ስታነብ ስሕተቷን አገኘችው። ላይብረሪው «ቁልፉ ቋሚ ይሁን» ካልተባለ በቀር ጊዜያዊ ቁልፍ ነው የሚፈጥረው፤ ፕሮግራሙ ከሳጥኑ ጋር የከፈተው ግንኙነት እስካልተቋረጠ ድረስ ብቻ የሚቆይ፣ ለሌላ ፕሮግራም የማይታይ። እሷ ደግሞ ያቺን አንድ መስመር አልጻፈችም። ፕሮግራሙ ከተጫነ ጀምሮ ጠፍቶ ስለማያውቅ ማንም አልነቃም፤ እንዲያውም አለመጥፋቱ መኩሪያዋ ነበር።

«ሳጥኑ ለአንድ አፍታ ከጠፋ ያሉን ፎቶዎች በሙሉ አበቃላቸው፤ መጠባበቂያዎቹም በዚሁ ቁልፍ ነው የተቆለፉት» አለችው። «ደግሞ ጤነኛ ሰው ቁልፍ ሲያሠራ ‹እስክወጣ ድረስ ብቻ የሚያገለግል› ብሎ ያሠራል? መመሪያው ላይ ተጽፏል ይሉሃል እኮ! ማን አንብቦ ሊጨርሰው!»

«ታዲያ ቁልፉን ኮፒ አድርጊዋ።»

«አይሰጥም እያልኩህ!»

«በገዛ ገንዘባችን ገዝተነው?»

«ለማንም የማይሰጥ ይሁን ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ለሌባ ማለቴ ነው እንጂ።»

ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። መውጫው አንድ ነው። ፕሮግራሙ በሕይወት እያለ እያንዳንዱን ፎቶ ከፍቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ በኋላ በቋሚ ቁልፍ መልሶ መቆለፍ። በእጅ፣ አንድ በአንድ። ሕሙማኑን ለሌላ ቀን ቀጠሩና ሦስቱም በየኮምፒውተሩ ፊት ተሰየሙ።

«ከአባዬ እንጀምር፣ ለዛሬ ያስፈልገኛል» አለ ሐኪሙ።

«የሰው ይቅደም» አሉ እናትየው። «አምነው የሰጡን አደራ ነው። የዛሬ ዓይን ዛሬ ይነሣል፤ የአምናውን ዓይን ከየት አምጥተህ ታነሣላቸዋለህ? የኛ ሰውዬ የትም አይሄድም።»

የሳጥኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ ሌላው መከራዋ ነበር። የክፍሉ ሶኬት ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ ስትለው ወንድሟ «ነገ» ይላል። ስለዚህ ገመዱ ኮሪደሩ ላይ ካለው የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ ተነሥቶ በሩን አቋርጦ ነው የሚመጣው። ሰው እንዳይረግጠው ዳር እስከ ዳር ቀይ ፕላስተር ለጥፋበታለች። አሁን ነቅሎ ቦታ መለወጥም አይቻልም።

እስከ ከሰዓት ድረስ እየከፈቱ አስቀመጡ። ሐኪሙ በየመሀሉ «ብታጠፊው ግን ይፈጥን ነበር» ለማለት አፉን ሲከፍት ትገላምጠዋለች፤ መልሶ ይዘጋዋል። በመጨረሻ የሰው ሁሉ አለቀና እናትየው አማተቡ። የቀረው የአባትየው ፋይል ብቻ ነው።

ሐኪሙ ፊቱ በራ። ወደ መጠበቂያው ክፍል ተጣራ። «አባዬ፣ ና እስቲ! ዛሬ ክርክራችን ያበቃል።»

አባትየው መጡ። ደረታቸውን ነፍተው፣ ቀጥ ብለው፣ ልጃቸውን ፊት ለፊት እያዩ ፈገግ ብለው መጡ። ክፍሉ በፀሐይ ብርሃን ተሞልቷል።

«አባዬ፣ ገመ...» አለች ልጅቱ።

እግራቸው ገመዱን ጠለፈው። ገመዱ ከሳጥኑ ጀርባ ተመዞ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሳጥኑ ጭጭ አለ።

እናትየው ራሳቸውን ያዙ። ልጅቱ ተንበርክካ መልሳ ሰካችው፤ አረንጓዴ መብራቱ ቦግ አለ። አኩራፊው ምንም እንዳልተፈጠረ በታዛዥነት ተነሣ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

«ቀይ እኮ ነው!» ጮኸች። «ቀይ ፕላስተር ነው አባዬ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ደወል ላንጠልጥልበት?»

ሐኪሙ አልጮኸም። የአባቱን እግር ነበር የሚያየው።

«አባዬ» አለ በቀስታ፣ «ገመዱን አላየኸውም?»

«የቱን ገመድ?»

አባትየው አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ጫማቸው ሥር ያለውን ቀይ ፕላስተር ያገኙት አቀርቅረው ብዙ ከፈለጉ በኋላ ነው። ከእንግዲህ ውሸታም የሚላቸው ፎቶ የለም። ሐሳብ ይዞኝ ነው ቢሉ ማን ይሞግታቸዋል? ልጅቱ ይህንኑ ጠበቀች።

«ከጎን በኩል ያለው ከጠፋኝ ቆየ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ሐኪሙ። «ልጅህ አይደለሁም? ሐኪም አይደለሁም?»

«ፎቶው ይነግርልኛል ብዬ እኮ ነው ልጄ። እኔ በምን አፌ ልንገርህ?»

የልጅቱ ንዴት የት እንደገባ አልታወቃትም። ሐኪሙ የአባቱን ክንድ ያዘና ገመዱን ቀስ አድርጎ አሻገራቸው።