አርብ አርብ የሚቋረጠው መስመር

እኔን ሲፈጥረኝ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልጨመረብኝም። ከሚሴ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ሞባይል፣ ዲሽና ራውተር መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደንበኞቼ «መስታወት እጇ ወርቅ፣ አፏ እሳት» ይሉኛል። ይበሉ። ተበላሽቶ የመጣ ዕቃ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ደህና ሆኖ ተበላሸ የሚባለው ነው።

የእማማ ፋጡሜ ራውተር እንዲያ ነበር። ጠግኚልን ብላ የለመነችኝ ልጃቸው ዘይቱና ናት፤ ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በአካል አይቻት አላውቅም። ስልኳ ሲም የለውም፣ በአሠሪዎቿ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱንም የሚሰጧት በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ ለአንድ ሰዓት ነው። ያቺን ሰዓት ጠብቃ እናቷ ጋ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ገና ወሬው ሳይሞቅ መስመሩ ድርግም ይላል። በተረፋት ደቂቃ ደግሞ ወደ እኔ።

«መስቲዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አለችኝ። «አንድ ቀን ሳይቋረጥ እናቴን ላውራት።»

ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው፤ ከበራፉ ሆነው የጨፋን ማሳ እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ያዩታል። መጀመሪያ ማክሰኞ ሄድኩና ሲግናሉን አየሁ፣ ሙሉ ነው። ገመዱንም ቻርጀሩንም ቀየርኩ፣ የይለፍ ቃሉንም ለወጥኩ። አርብ ተቋረጠ። ሁለተኛ ራውተሩን ሱቄ አምጥቼ አራት ቀን አቆየሁት፤ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ኳስ ሲያይበት ሰነበተ፣ አንዴም ንቅንቅ አላለም። መለስኩላቸው፣ አርብ ተቋረጠ። በሦስተኛው የራሴን ራውተር ወስጄ ተከልኩ። እሱም አርብ ሲሆን ጠፋ። ጅኑ ራውተሩ ላይ ነው ወይስ ዕለቱ ላይ ብዬ ብቻዬን ተነጫነጭኩ።

እማማ ፋጡሜን ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው፣ እንዲያው የአላህ ሥራ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል ይሉና እርጎ ይቀዱልኛል። እርጎው ጥሩ ነው፤ እሱን አልዋሽም። አባወራውን አባባ ኸይረዲንን ግን አንድም ቀን አግኝቻቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ማሳ ወርደዋል ነው የሚሉኝ።

በአራተኛው ሳልናገር አርብ ዕለት፣ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ጠብቄ ሄድኩ። እማማ ፋጡሜ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ግን እንግዳ አይመለስምና ግቢ አሉኝ። በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። እናትና ልጅ «አካም ጅርታ» ተባብለው ስለ ላሚቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀሉ አወሩ። መስመሩ እንደ ውኃ ይወርዳል። ቀጥሎ ዘይቱና አባቷን እንዲሰጧት ጠየቀች።

የእማማ ፋጡሜ ግራ እጅ ከተደገፉት ትራስ ኋላ ገባና ሶኬቱን ነቀለው። የራውተሩ መብራት ሁሉ ጠፋ።

«አየሽ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሄደ።»

አፌ አላስቻለኝም። ወር ሙሉ እንደ ሞኝ ሲያመላልሱኝ አያፍሩም ወይ፣ ልጅቷስ ምን በደለችዎት፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት ነው ያላት ብዬ የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። እሳቸው አልተቆጡም። የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው አቀርቅረው አስጨረሱኝ።

«አባቷ ከሞተ አምስት ወሩ ነው» አሉ።

ምላሴን በቆረጠው አልኩ በሆዴ።

«አልነገርኳትም። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ ልጄ? እዚህ ብትሆን ዘመድ በማለዳ ይሄድላታል፣ ግራና ቀኝ ይይዟታል፣ ውኃ ይሰጧታል። እዚያ የሰው ቤት ወለል ላይ ስትወድቅ ማን ይይዛታል? እስክትመጣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው እንጂ፣ ወላሂ እኔስ ውሸት ልማዴ አይደለም።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በመርዶ ነገር ግን የእኛም ቤት ወጉ ይኸው ነው። በዚህ መሐል የእኔ ስልክ ጠራ፤ ዘይቱና ናት። ምን ብዬ እንደምዋሻት እያሰብኩ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«መስቲ፣ ራውተሩ ደህና ነው አይደል?» አለችኝ። «እማ ናት የምትነቅለው።»

በሩን ከኋላዬ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

«አውቃለሁ እኮ። ከሳምንታት በፊት አባትሽ ሰንበቴ ወርዷል አለችኝ። በአርብ? የሰንበቴ ገበያ እሁድ ነው። አባዬ ከብት ሲነግድ ኖሮ ከእሁድ በቀር ሰንበቴን ረግጦ አያውቅም። ያን ጊዜ ደነገጥኩና አንዷን ያገሬን ልጅ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ።»

ታዲያ ካወቅሽ ለምን አባቴን ስጪኝ እያልሽ ታስጨንቂያቸዋለሽ አልኳት።

«እንድትነግረኝ ነዋ። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ አልወጣልኝም። ከእናቴ ጋር ነው ማልቀስ የምፈልገው። እሷም ብቻዋን እንደታፈነች ነው። ሃያ ደቂቃ ቀርታኛለች፣ መስቲ።»

ተመልሼ ገባሁ። ሶኬቱን ሰካሁት። መብራቶቹ አንድ ባንድ እስኪበሩ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። እየጠበቅን ለእማማ ፋጡሜ ነገርኳቸው፤ ዘይቱና ታውቃለች፣ ካወቀች ሳምንታት ሆኗታል አልኳቸው።

መቼ አላሉኝም። ማን ነገራትም አላሉም።

«ማን ያዛት?» ነው ያሉኝ።

ብዋሽ ደስ ባለኝ። ማንም አልያዛትም አልኳቸው።

ስልኩ ጠራ። እማማ ፋጡሜ አነሱት፤ የልጃቸውን ፊት አዩና «ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ…» ብለው መጨረስ አቃታቸው። ዘይቱናም እዚያ ማዶ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። እናትየው ምን እንደሚያደርጉ ጨንቋቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው አቀፉና ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይወዘወዙ ጀመር፤ አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ። እኔም ዕንባዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ ግን የሠለጠንኩበት ነገር ሆነና፣ እንዲህ ከያዙት እኮ ካሜራው ይሸፈናል፣ ልጅቷ ከቀሚስዎ በቀር ምንም አታይም፣ ቀና ያድርጉት ልል እጄን ዘረጋሁ።

ከደረታቸው ሥር የዘይቱና ድምፅ ታፍኖ ተሰማ።

«እማ፣ እንዳትለቂኝ። እንዲሁ እንደያዝሽኝ ቆዪ።»